የሳንባ ሕመምተኛ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ክትትሉን በኃላፊነት የሚይዘው ማን ነው?

ጥያቄ፦ የበኩር ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ የ71 ዓመት ሰው ሲሆኑ፣ ሲኦፒዲ የሚባለው ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም እንዳለባቸው ከታወቀ ስድስት ዓመት አልፏል። ባለፉት አሥር ወራት ብቻ ትንፋሽ አጥሯቸው ሦስት ጊዜ ሆስፒታል ተኝተዋል። ይህን የምጽፈው ለማማረር አይደለም፤ ተኝተው በነበሩባቸው ቀናት ሐኪሞቹም ነርሶቹም የሚቻላቸውን አድርገውላቸዋል። የቸገረኝ አባቴ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው በተላለፉ ቁጥር በመካከል አንድ ነገር ወድቆ መቅረቱ ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ አባቴ በቀን አንድ ጊዜ የሚስቡት ቲዮትሮፒየም የሚባል መድኃኒት ቤት ውስጥ ነበራቸው። ሁለተኛ ጊዜ ተኝተው ሲወጡ ሦስት መድኃኒቶችን በአንድነት የያዘ አዲስ ኢንሄለር ታዘዘላቸው። በመውጫ ወረቀታቸው ላይ የአዲሱ ስም በግልጽ ተጽፏል፤ የቀድሞው ይቁም ወይም ይቀጥል የሚል ቃል ግን የለበትም። እናቴ እንደ ማንኛውም ጠንቃቃ አስታማሚ ሁለቱንም ሳታጓድል ሰጠቻቸው። በአሥረኛው ቀን ምላሳቸው ከላንቃቸው እስኪጣበቅ አፋቸው ደረቀ፤ በዚያው ሌሊት ሽንት መሽናት አቅቷቸው ድንገተኛ ክፍል ገብተው ካቴተር በሚባል ቀጭን ቱቦ ወጣላቸው። ተረኛው ሐኪም ሁለቱን ኢንሄለሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ካያቸው በኋላ፣ በአዲሱ ውስጥ ግላይኮፒሮኒየም የሚባል፣ ከቲዮትሮፒየም ጋር አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠራ መድኃኒት እንዳለና ሁለቱ በአንድነት መወሰድ እንዳልነበረባቸው ነገረን። ስማቸው አይመሳሰል፣ ቀለማቸው አይመሳሰል፤ እናቴ በምን ልታውቅ ትችል ነበር?

በሦስተኛው ጊዜ ደግሞ ለአምስት ቀን የታሰበው ፕሬድኒሶሎን የሚባል የስቴሮይድ ክኒን መቼ እንደሚያበቃ ባለመጻፉና ሙሉ እሽግ በእጃችን ስለነበረ ሦስት ሳምንት ተወሰደ። ያዘዘውን ሐኪም ፈልገን ስንሄድ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሯል ተባልን። ቤት ያለውን የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር (ከአየር ላይ ኦክስጅን የሚያጠራቅም ማሽን) በተመለከተም ስምምነት የለንም። በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በመቶኛ በጣት የሚለካው ኦክሲሜትር 89 ባሳየ ቁጥር ታናሽ ወንድሜ ከ2 ሊትር ወደ 4 ከፍ ያደርገዋል፤ እናቴ ደግሞ «ዶክተሩ ሁለት ነው ያለው» ብላ ትመልሰዋለች፤ በዚህም ይቀያየማሉ።

እናቴ 66 ዓመቷ ነው። ከአራት ወር ወዲህ የምትተኛው ከአባቴ አልጋ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው። የመድኃኒቱ ሰዓት፣ የቀጠሮው ቀን፣ የትኛው ሐኪም ምን እንዳለ፣ ሁሉም ያለው በእርሷ ራስ ውስጥ ነው። አንድ ቀን እርሷ ብትታመም የአባቴ የሕክምና ታሪክ አብሮ ይተኛል ብዬ እሰጋለሁ።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው። ሕመምተኛው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ሕክምናው ሳይቋረጥ እንዲቀጥል የማድረግ ኃላፊነት የማን ነው? እኛ ቤተሰቦችስ ከመውጣቱ በፊትና ከወጣ በኋላ ምን ብለን ብንጠይቅ ነው ነገሩ በመካከል የማይጠፋው?

መልስ፦ ነርስ ከደረት ክሊኒክ

በመጀመሪያ ለእናትዎ ጥፋቱ የእርሳቸው እንዳልሆነ ይንገሩልኝ። በእኛ ሥራ ውስጥ በየጊዜው የማየው ነገር ስለሆነ ምክንያቱን ላስረዳ። የተጀመረ መድኃኒት ማዘዣ ይጻፍለታል፣ ፋርማሲ ይሄዳል፣ በካርድ ላይ ይሰፍራል፤ የቆመ መድኃኒት ግን ምንም ዓይነት ወረቀት አይወጣለትም። ሐኪሙ በልቡ «ይህ በዚያ ተተክቷል» ብሎ ያልፋል፤ የተተካው ግን ቤት ውስጥ በመሳቢያ ተቀምጦ ሕመምተኛውን ይጠብቃል። ስለዚህ በመውጫው ቀን ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ምን ታዘዘ?» ሳይሆን «ምን ቆመ?» የሚለው ነው። መልሱም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን፤ የሚቀጥሉት፣ አዲስ የተጀመሩት፣ የቆሙት ተብሎ በሦስት ይከፈል። እስከ ተወሰነ ቀን ብቻ የሚወሰድ ካለ የሚያበቃበት ዕለት ከነቀኑ ይጻፍበት። «ለአምስት ቀን» ከሚለው ይልቅ «እስከ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከዚያ ይቁም» የሚለው ለአስታማሚ እጅግ ይሻላል።

እኔ ለማውቃቸው ቤተሰቦች ሁሉ የምመክረው ሌላም ነገር አለ። ሕመምተኛው በሚወጣበት ዕለት ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ያለቀውንና ግማሽ የቀረውንም ጨምሮ፣ በአንድ ከረጢት አድርጋችሁ ወደ ተኛበት ክፍል አምጡት። ነርሷ ወይም የፋርማሲ ባለሙያው አንድ በአንድ እያነሣ ከአዲሱ ማዘዣ ጋር ያመሳክረው፤ የቆመው ወደ ቤት አይመለስ።

የኢንሄለሩን አወሳሰድ በተመለከተ «ያውቁታል» ተብሎ መታለፍ የለበትም። ስድስት ዓመት መጠቀም ስድስት ዓመት በትክክል መጠቀም ማለት አይደለም። አንድ አዛውንት ታካሚ ነበሩን፤ መድኃኒቱ ያለበትን ካፕሱል ወደ መሣሪያው ከትተው በመሳብ ፈንታ ስምንት ወር ሙሉ በውኃ ሲውጡት ኖረዋል። ሕመማቸው ለምን እንዳልተሻለ ሁላችንም ግራ ገብቶን ሳለ፣ አንድ ቀን «እስቲ እዚሁ ፊቴ ላይ ይውሰዱልኝ» ብዬ ስጠይቃቸው ውኃ እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ። ተጭነው የሚረጩት ዓይነት በዝግታና በጥልቀት ይሳባል፣ ከተቻለ ስፔሰር በሚባለው፣ በኢንሄለሩ አፍ ላይ በሚገጠም ባዶ ቱቦ፤ ከተሳበም በኋላ ትንፋሽ እስከ አሥር ሴኮንድ ይያዛል። የዱቄቱ ዓይነት ግን ፈጥኖና በኃይል ካልተሳበ ዱቄቱ ከመሣሪያው በአግባቡ አይወጣም። አንድ ሰው ሁለቱንም ዓይነት ሲይዝ የአንዱን ዘዴ ለሌላው እየተጠቀመ ሁለቱንም ያበላሻል። ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ ከወሰዱ በኋላ አፍን ተጉመጥምጦ መትፋት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ አፍ ውስጥ ነጭ ፈንገስ ይወጣል፣ ድምፅም ይዘጋል። ስለዚህ በየቀጠሮው አባትዎ ሲወስዱ ባለሙያው ይያቸው፤ አስታማሚውም አብሮ ይይ።

ቀጠሮን በተመለከተ፣ ጎልድ በመባል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የሲኦፒዲ መመሪያ እንዲህ ካለ ብርቱ ሕመም በኋላ ከወጡ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ውስጥ፣ ከዚያም ከ12 እስከ 16 ሳምንት ባለው ጊዜ እንደገና እንዲታዩ ይመክራል። የመጀመሪያው ቀጠሮ ቀኑ ተቆርጦ ካልተያዘ ከክፍሉ አትውጡ። «ከወጣችሁ በኋላ ደውሉ» የሚለው አነጋገር ብዙ ሰው የሚጠፋበት ነው።

ስለ እናትዎ ራስ የጻፉት በጣም ትክክል ነው። ስለዚህ በራሳቸው ያለው ነገር ወደ አንድ ገጽ ይውጣ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሁለተኛውን ገጽ የሚያነብ አላየሁም። የሕመሙ ስምና የመጨረሻው የስፓይሮሜትሪ (የትንፋሽ አቅም መለኪያ) ውጤት፣ አሁን የሚወሰዱት መድኃኒቶች፣ የማይስማማቸው መድኃኒት ካለ፣ ባለፈው ጊዜ ምን ተሰጥቷቸው እንደተሻላቸው፣ የታዘዘው የኦክስጅን መጠንና ሊደረስበት የሚገባው ልክ፣ የሚደወልለት ሰው ስም ይጻፍበት። ከሁሉ ይበልጥ ግን ቤተሰብ የሚረሳውና ሐኪም በጣም የሚፈልገው አንድ መስመር አለ፤ እርሱም አባትዎ በደህና ቀናቸው ምን እንደሚመስሉ ነው። ተረኛ ሐኪም የሚያያቸው በክፉ ቀናቸው ብቻ ነው። ኦክሲሜትሩ 86 ሲያሳይ የዘወትራቸው 87 ይሁን 94 ካላወቀ በግምት ይሠራል። በደህና ቀን ተቀምጠው ስንት ያሳያል? ሳያርፉ የት ድረስ ይሄዳሉ? አክታቸው ምን ዓይነት ቀለም አለው? በስንት ትራስ ይተኛሉ? ይህን እናትዎ እንጂ ማንም መጻፍ አይችልም።

ከዚያ በታች «መቼ እንደውል» የሚለው ይከተላል። አክታው ከበዛ፣ ወደ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከተለወጠ፣ ትንፋሽ ማጠሩ ከዘወትሩ ከባሰ በዚያው ቀን ክሊኒኩ ጋር ይደወላል። ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታቸው፣ ከንፈራቸው ከጠቆረ፣ ወይም ባልተለመደ ሁኔታ ከደነዘዙና ነገር ከተምታታባቸው መደወሉ ቀርቶ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ሐኪማቸው ከተስማማም ለመጀመሪያው ደረጃ የሚሆን ስቴሮይድና አንቲባዮቲክ አስቀድሞ ታዝዞ ቤት ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል።

መልስ፦ የባለቤቴ አስታማሚ

ባለቤቴን በዚሁ ሕመም ሳስታምም ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። ከላይ በነርሷ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ እናትዎ ብቻ ይሆናል።

የኮንሰንትሬተሩ ድምፅ ሲያጎራ እተኛለሁ፤ ዝም ሲል እባንናለሁ። ይህን የማያውቅ ሰው አስታማሚ ለምን እንደሚደክም አይገባውም። ሥራው ከባድ ሆኖ አይደለም፤ ጆሮ ስለማያርፍ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የባለቤቴ ትንፋሽ ሲያጥር እኔም ሳላውቀው ትንፋሼን እይዝ ነበር። እርሷ ፊቴን አይታ ይበልጥ ትፈራለች፣ ስትፈራ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች፣ ቶሎ ቶሎ ስትተነፍስ አየሩ ሳይወጣ ሳንባዋ ውስጥ ይታመቃል። አንድ ፊዚዮቴራፒስት እኔን ለብቻዬ ጠርቶ ያስተማረኝ ቀን ነው ነገሩ የተለወጠው። እርሷ ወደ ፊት አዘንብላ ክንዶቿን ጠረጴዛ ላይ ታሳርፋለች፤ በአፍንጫዋ ስባ፣ ሻማ እንደማጥፋት ሳይሆን ሻማው እንዲወዛወዝ ብቻ እንደምታደርግ ያህል ከንፈሯን ሰብሰብ አድርጋ ቀስ ብላ ታስወጣለች፤ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አብሬያት በዚያው ልክ እተነፍሳለሁ። በእጅ የምትያዝ ትንሽ ማራገቢያ ፊቷ ላይ ስትነፍስ የትንፋሽ ማጠሩ ስሜት ይቀንስላታል። መድኃኒት አይደለም፤ ግን መድኃኒቱ እስኪሠራ ያሉት ደቂቃዎች ያልፋሉ።

ስለዚህ እባክዎ ከእናትዎ ላይ የሚነሣውንና የማይነሣውን ለዩ። አባትዎን በሌሊት ማረጋጋት ምናልባት ከእርሷ በቀር የሚችል ላይኖር ይችላል። የመድኃኒት መሙላት፣ የቀጠሮ መያዝ፣ የኮንሰንትሬተሩን ማጣሪያ ማጽዳት፣ መጠባበቂያ ሲሊንደሩ መሙላቱን ማረጋገጥ ግን የእርሷ መሆን የለበትም። እነዚህን አንድ ሰው ሙሉ በሙሉ ይውሰድ፤ «አግዝሻለሁ» ሳይሆን «ይህ የእኔ ነው» ብሎ። እገዛ የሚባለው ነገር አስታማሚው ራሱ አስታውሶ የሚጠይቀው ከሆነ ጭነቱን አያቀለውም። ሌሊቱንም በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ እርስዎና ወንድምዎ ተካፈሉት፤ እርሷም በእነዚያ ሌሊቶች በሌላ ክፍል በሯን ዘግታ ትተኛ። መጀመሪያ እምቢ እንደምትል ከአሁኑ ልንገርዎ።

ሌላው፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙ እናትዎንም «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብሎ እንዲጠይቃት አስቀድመው ይንገሩት። ለእኔ ይህ ጥያቄ የቀረበልኝ በአምስተኛው ዓመት ነው። በዚያ ቀን የደም ግፊቴ ሲለካ የራሴን መድኃኒት መውሰድ ካቆምኩ ሦስት ወር እንዳለፈኝ ያወቅሁት እኔም ገና ያን ጊዜ ነው።

መልስ፦ የሳንባ ሐኪም

አስቀድሜ የቤተሰቡን ጠብ ላብርድ። በኦክስጅኑ ጉዳይ እናትዎ ትክክል ናቸው። ሲኦፒዲ ባለባቸውና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊጠራቀምባቸው በሚችል ሕመምተኞች ላይ የሚፈለገው መጠን ከ88 እስከ 92 በመቶ ነው። ስለዚህ 89 ጉድለት ሳይሆን ሊደረስበት የሚገባው ልክ ነው። ኦክስጅኑ ከዚህ በላይ ሲጨመር በሳንባ ውስጥ የአየሩና የደሙ መገጣጠም ይዛባል፣ አተነፋፈሱም ሊቀንስ ይችላል፤ መውጣት የነበረበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደም ውስጥ ይቀራል፤ ሕመምተኛውም ጠዋት በራስ ምታት ይነሣል፣ ይደነዝዛል፣ ሲብስም ራሱን ይስታል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ በአውስትራሊያ ታዝማኒያ ግዛት በ405 ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል፤ ወደ ሆስፒታል ሲወሰዱ እንደ ልማዱ ከፍተኛ ኦክስጅን ከተሰጣቸው መካከል 9 በመቶው ሲሞቱ፣ ከ88 እስከ 92 እየተለካ ከተሰጣቸው መካከል የሞቱት 4 በመቶ ነበሩ። ወንድምዎ ይህን ሲያደርጉ የነበረው በፍቅር መሆኑ ይገባኛል፤ ነገር ግን ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ ቁልፉ አይነካ።

ኦክስጅኑ የታዘዘው መቼ ነው? በሆስፒታል ተኝተው በነበረ ጊዜ ከሆነ፣ ከ60 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ እንደገና መመርመር አለባቸው። ሳንባው ከብርቱው ሕመም ሲያገግም ኦክስጅን የማያስፈልገው ሰው አለ፤ እንደሚያስፈልገው የሚረጋገጥም አለ። ለሚያስፈልገው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 እና በ1981 ከታተሙት ሁለት ጥናቶች ጀምሮ እንደምናውቀው ዕድሜ የሚያራዝመው በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት ሲወሰድ ነው፤ ትንፋሽ ሲያጥር ብቻ ለጥቂት ደቂቃ ማድረጉ ያንን ጥቅም አይሰጥም። በተመሳሳይ ሁኔታ፣ አባትዎ ተኝተው ሳለ በጭምብል የሚሠራ የመተንፈሻ ማሽን አስፈልጓቸው ከነበረ፣ ከወጡ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በኋላ የካርቦን ዳይኦክሳይዳቸው መጠን እንደገና ይለካ። መጠኑ ከ53 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ ሆኖ የቀጠለባቸው ሰዎች ማሽኑን ሌሊት ሌሊት በቤታቸው ሲጠቀሙ፣ እንደገና ሆስፒታል እስከሚገቡ ወይም እስከሚሞቱ ያለው መካከለኛ ጊዜ ከ1.4 ወር ወደ 4.3 ወር መራዘሙን እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ልብ ይበሉ፤ እነዚህ ሁለቱም ምርመራዎች የሚደረጉት ሕመምተኛው ከወጣ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ የተኛበት ክፍል ጉዳዩን ዘግቷል፤ የተመላላሽ ክሊኒኩም ገና አልከፈተውም። «ይህን ምርመራ የሚያዝልን ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ከሌለ ማንም አያዝም።

አሁን ከነርሷ ጋር በአንድ ነጥብ እንለያይ። መድኃኒት አስቀድሞ ቤት ማስቀመጥ ጥሩ የሚሆነው በሌላው ጫፍ ስልክ የሚያነሣ ሰው ሲኖር ነው ባይ ነኝ። የተሟላ የድርጊት ዕቅድ፣ ማለትም ሕመሙ ሲብስ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ የተጻፈ መመሪያ፣ በአጠቃላይ ሲታይ በሳንባ ሕመም ምክንያት ሆስፒታል መተኛትን እንደሚቀንስ የጥናቶች ግምገማ ያሳያል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ላይ የተደረገ ጥናት 426 ሰዎች ከተመዘገቡበት በኋላ ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደርጓል፤ ትምህርትና ዕቅድ ከተሰጣቸው መካከል 28 ሰዎች ሲሞቱ፣ በመደበኛው ክትትል ከቆዩት የሞቱት 10 ነበሩ።

ከዚህ ይበልጥ ለእናንተ ጉዳይ የሚቀርብ አንድ ታሪክ አለ። በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 240 ሕመምተኞችን ከነአስታማሚዎቻቸው ይዘው፣ ለግማሾቹ የሠለጠኑ ነርሶች ከሆስፒታል ጀምሮ ከወጡ በኋላም ለሦስት ወር እየደገፉ እንዲከታተሏቸው አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ውጤት ድጋፉ ወደ ሆስፒታል መመለስን በግማሽ ያህል ቀነሰ የሚል ነበር፤ ሁላችንም ደስ አለን። በማግስቱ ዓመት ግን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው በኮምፒውተር ላይ የሁለቱ ቡድኖች ምልክት ተገላብጦ እንደነበር ደርሰውበት ጽሑፉን ሰርዘው በታረመው ተኩ። በዚሁ ሕመም ሆስፒታል ወይም ድንገተኛ ክፍል የገቡበት እውነተኛው ቁጥር በስድስት ወር ውስጥ ድጋፍ ላገኙት በሰው 1.40፣ ላላገኙት 0.72 ጊዜ ነበር። ስሕተታቸውን በአደባባይ በማረማቸው አከብራቸዋለሁ። እኔ ግን ከዚህ የምወስደው ድጋፍ አይጠቅምም የሚለውን አይደለም። የጎብኚና የደዋይ ቁጥር መብዛቱ ብቻውን ቀጣይነት አይሆንም ነው የምለው። አስታማሚው አምስት ሰው እየደወለለት የሚወስን አንድም ሰው ከሌለ፣ አምስተኛው ደዋይ «ለማንኛውም ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ» ይላል።

ስለዚህ «ኃላፊነቱ የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄዎ መልሴ እንዲህ ነው። ኃላፊነቱ የሕክምናው ነው፤ የቤተሰቡ አይደለም። ነገር ግን «የሕክምናው» ሲባል የማንም እንዳይሆን የአንድ ሰው ስም ይፈልጋል። ከመውጣታችሁ በፊት «በሚቀጥለው አንድ ወር ስለ አባቴ የሚወስነው ሐኪም ማን ነው? እርሱ ከሌለስ?» ብለው ይጠይቁ፤ የሚሰጥዎት መልስ የክፍል ስም ከሆነ አይበቃም።

በተረፈ የተቀናጀ የሳንባ ማገገሚያ እንቅስቃሴ በአቅራቢያችሁ የሚሰጥ ከሆነ ከወጡ በአራት ሳምንት ውስጥ ቢጀምሩ መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት በ90 ቀን ውስጥ የጀመሩት ከመቶ 1.5 ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ከእነዚህ በአንድ ዓመት ውስጥ የሞቱት 7.3 በመቶ ሲሆኑ ካልጀመሩት ግን 19.6 በመቶ ናቸው። በርግጥ መጀመሪያውኑ ጠንከር ያሉት ይሆናሉ የሚጀምሩት፤ ቢሆንም ልዩነቱ የሚናቅ አይደለም። ሦስት ሳምንት የተወሰደው ፕሬድኒሶሎን የእግር ጡንቻን ስለሚያደክም አባትዎን ይበልጥ ይመለከታቸዋል። ስኳራቸውም ይለካ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፤ በነርሷ ገጽ ላይ አባትዎ ሁኔታው ቢከፋ በመተንፈሻ ማሽን ላይ መሆን ይፈልጉ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ይጻፍ። ይህ ጥያቄ በደህና ቀን፣ ከእርሳቸው ጋር ተቀምጦ የሚጠየቅ ነው። በድንገተኛ ክፍል ኮሪደር ላይ ለእናትዎ መቅረብ የለበትም።

የበኩር ልጅ (በዘጠነኛው ቀን)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሆነውን በአጭሩ ልጻፍ።

መድኃኒቱን ሁሉ በከረጢት ይዘን ወደ ክሊኒኩ ሄድን። ከአሥራ አንዱ አራቱ የቆሙ ነበሩ፤ አንዱ እንዲያውም ጊዜው ያለፈበት ነው። አባቴ ፊታቸው ላይ ኢንሄለሩን እንዲወስዱ ሲጠየቁ ዱቄቱን ከመሳባቸው በፊት ወደ መሣሪያው ውስጥ እንደሚተነፍሱበት ታየ፤ ለካ እርጥበቱ ዱቄቱን ያረጋው ነበር። በኮንሰንትሬተሩ ቁልፍ ላይ ወንድሜ ራሱ ፕላስተር ለጥፎ «2» ብሎ ጽፎበታል። ኦክስጅኑ ተኝተው ሳለ የታዘዘ ስለነበረ በሚቀጥለው ወር እንደገና እንዲመረመሩ ቀን ተይዟል።

ገጹን ስንጽፍ ግን ያላሰብነው ነገር ገጠመን። እኔና እናቴ «በደህና ቀን ምን ይመስላሉ?» በሚለው ላይ ስንከራከር አባቴ ከአልጋቸው ሆነው «ስለ እኔ ነው የምትነጋገሩት፤ እኔን ለምን አትጠይቁም?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ እርሳቸው ሐኪሙን ስንጠይቅ እርሳቸውን ጠይቀናቸው አናውቅም። የሚከተለውን በራሳቸው ቃል አስጻፉን፦ «በደህና ቀን ከአልጋዬ እስከ በሩ ሳላርፍ እሄዳለሁ፤ ስመለስ አንድ ጊዜ እቆማለሁ። ሁለት ጊዜ ከቆምኩ ክሊኒኩ ጋር ደውሉ።» ስለ መተንፈሻ ማሽኑም እናቴ በሌለችበት ሊነግሩኝ ፈለጉ፤ ተነጋግረናል።

እናቴ ሐሙስ ሌሊት በሌላ ክፍል ተኛች። ሁለት ጊዜ ተነሥታ መጥታ በሩን ከፍታ አይታን ተመለሰች፤ ቅዳሜ ግን አልመጣችም።

አንድ ያልተፈታ ነገር ቀርቷል። ክሊኒኩ የሚደወልላትን ነርስ ስም ሰጥቶናል፤ ስልኳ ግን የሚሠራው በሥራ ሰዓት ብቻ ነው። ለሌሊቱና ለበዓል ቀናት የሰጡን ሰው የለም።

መልስ፦ ነርስ ከደረት ክሊኒክ

የአባትዎን መስመር ከማንኛውም መለኪያ በላይ ወድጄዋለሁ፤ አትለውጡት።

ለሌሊቱ የማውቀው መፍትሔ ይህን ነው። ነርሷን «በሌሊት የሚመጣ ተረኛ ሐኪም ምን እንዲያደርግ ትፈልጋላችሁ?» ብለው ይጠይቋትና ሐኪማቸው በገጹ ግርጌ በእጁ ጽፎ ይፈርምበት፤ የኦክስጅኑ ልክ፣ የስቴሮይዱ መጠንና የቀኑ ብዛት፣ አንቲባዮቲኩ መቼ እንደሚሰጥ። ፊርማ ያለበት ወረቀት በሌሊት ሲቀርብ የማያውቃቸው ሐኪምም ከመጀመሪያው አይጀምርም። አንዱን ቅጂ ከኮንሰንትሬተሩ ጎን ለጥፉት፣ ሌላው በአባትዎ ኪስ ይሁን፣ በሦስታችሁም ስልክ ላይ ፎቶው ይኑር። ከእያንዳንዱ ቀጠሮ በኋላም አሮጌውን ቅጂ ቅደዱት። እናንተ ቤት የቆመ ነገር ጨርሶ ካልወጣ ምን እንደሚያደርግ አይታችኋል።